ለምን ይሆን? የሩቅ ባሕር ነፋስና የእኛ አዝመራ

ባለፈው ሳምንት በለሚ የማታ ክፍላችን «አንበጣ» የሚለውን ቃል በሰሌዳ ላይ ጻፍን። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለይተን ሳንጨርስ ወሬው ደራ። አንድ አባት፣ እኅታቸው በቆላው በኩል የዘሩትን ማሽላ አንበጣ በአንድ ቀን እንደ ጨረሰባቸው ነገሩን። «ቁጣ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል!» አሉ። እኛም «መንጋው የበዛው ከባሕር በተነሣ አውሎ ነፋስ ሰበብ ነው» አልን። አንዲት እናት ሳቁና «ልጆቼ፣ ባሕሩ የት፣ እኛ የት!» አሉን። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዛሬውን ዓምድ ለእርሱ ሰጠነው።

አውሎ ነፋስ ምንድን ነው?

በበጋ አውድማ ላይ ገለባ እያነሣ የሚሽከረከረውን ነፋስ ሁላችንም እናውቃለን። ትንሽ ነው፤ ወዲያው ይጠፋል። የባሕሩ ግን ሌላ ነው። ስፋቱ በመቶ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ብዙ ቀንም ይቆያል። ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ ባሕር ነው። የባሕሩ ውኃ 26 ወይም 27 ዲግሪ ሲደርስ እንፋሎቱ ይበዛል። የድስት ክዳን ሲከፈት እንፋሎቱ እጅ ያቃጥል የለ? በውስጡ ሙቀት አለ ማለት ነው። እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ደመና ሲሆን ያንን ሙቀት ይለቃል። ነፋሱ የሚበረታው በዚህ ነው። ወደ የብስ ሲገባ ግን ማገዶው ይቋረጥበትና ይደክማል። ስለዚህ ነፋሱ ራሱ ለሚ አይደርስም።

ታዲያ አንበጣው እንዴት መጣ?

በግንቦት 2010 ዓ.ም. መኩኑ የተባለ አውሎ ነፋስ ከአረብ ባሕር ተነሥቶ ኦማንን መታ። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሉባን የተባለው ተከተለ። ሁለቱም በአረብ አገር በረሃ ላይ ብዙ ዝናብ አወረዱ። አሸዋው ራሰ፤ ሣር በቀለ። የበረሃ አንበጣ እንቁላሉን የሚጥለው በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው። በ9 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተራባ። በእያንዳንዱ ጊዜ 20 እጥፍ ቢሆን፣ 20 በ20፣ እንደገና በ20 ሲባዛ 8,000 እጥፍ ይሆናል። ሒሳቡን በደብተራችሁ ሥሩት።

መንጋው በየመን በኩል ባሕር ተሻግሮ በ2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ አገራችን ገባ። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. መኸር በወሎና በሰሜን ሸዋም ጭምር በአዝመራ ላይ ወረደ። እንዲህ ያለ ወረራ በኢትዮጵያ በ25 ዓመት ውስጥ አልታየም ነበር። ሁለት ጋሻ ተኩል መሬት የሚሸፍን መንጋ በአንድ ቀን የ35,000 ሰው ቀለብ ይበላል።

ወደፊትስ ይበዛል?

ሰው የድንጋይ ከሰልና ነዳጅ በብዛት በማቃጠሉ ምድር ከ1 ዲግሪ በላይ ሞቃለች። ባሕሩም ሞቋል። «እንግዲያው አውሎ ነፋስም ይበዛል» ማለት ይቀላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ማገዶ ስለ ተከመረ ብቻ እሳት አይነድም፤ የሚለኩሰው ፍም ይፈልጋል። አውሎ ነፋስም እንደዚሁ ነው። የላይኛው ነፋስ ከታችኛው በጣም ከተለየ ደመናውን ይበትነዋል። አየሩ ደረቅ ከሆነም ይከስማል።

በተባበሩት መንግሥታት ሥር የተሰበሰቡ የአየር ንብረት ሊቃውንት በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ባወጡት ሪፖርት ይህን መርምረዋል። እንደ እነርሱ አባባል፣ በዓለም ዙሪያ የአውሎ ነፋሶች ቁጥር ባለበት ሊቆይ ወይም ሊቀንስ ይችላል። ከሚነሡት ውስጥ ግን የብርቱዎቹ ድርሻ ይጨምራል፤ ዝናባቸውም ይከብዳል። አየር 1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት መሸከም ይችላልና። ማገዶው በዝቷል፤ እሳቱ አንዴ ከተነሣ ይበረታል።

ጎረቤታችን የአረብ ባሕር ደግሞ ለየት ይላል። በዚያ ባሕር ባለፉት ዐሥርት ዓመታት አውሎ ነፋስ እየበዛ መጥቷል። ወትሮ በዓመት አንድ ያህል ይነሣበት የነበረው ባሕር በፈረንጆች 2019 ዓመት ብቻ 5 አስነሣ።

እኛ ምን እናድርግ?

ባሕሩን ማቀዝቀዝ ከአንድ ገበሬ አቅም በላይ ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በረሃው የራሰው በግንቦት 2010 ነው፤ መንጋው አገራችን የገባው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ አንድ ዓመት ሙሉ ነበረ! ወሬው ቀድሞ የደረሰው ሰው ይዘጋጃል። የደረሰ ጤፉን ያጭዳል፤ ደቦ ይጠራል፤ መንጋ ሲያይ ለግብርና ሠራተኛው ፈጥኖ ይናገራል። ስለዚህ የሚቲዎሮሎጂ ማስታወቂያ በቀበሌው ሲለጠፍ፣ ሌላው እስኪያነብላችሁ አትጠብቁ። ራሳችሁ አንብቡት።

«ቁጣ ነው» ያሉትን አባት አልተከራከርናቸውም። ቁጣም ቢሆን የመጣበትን መንገድ ማወቅ አይከለከልም። እርሳቸውም ሲወጡ «እስቲ ያቺን ‹ባሕር› የምትለዋን ጻፉልኝ፤ ለእኅቴ ላሳያት» አሉን።

የሳምንቱ ቃላት፦ አውሎ ነፋስ፣ እንፋሎት፣ መንጋ፣ ማስታወቂያ።

ጥያቄ፦ 1. አውሎ ነፋስ የብስ ሲደርስ ለምን ይደክማል? 2. አንበጣ እንቁላሉን የት ይጥላል? 3. በቀበሌያችሁ ማስታወቂያ የሚለጠፈው የት ነው? ሄዳችሁ አንድ መስመር አንብባችሁ ኑ።