የጾም ማኪያቶ

ደሴ አንድ ካፌ ገብቼ «የጾም ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ኬኩ ቅቤ የለውም፣ ማኪያቶውም በአኩሪ አተር ነው ተባልኩ። እየጠጣሁ ቴሌግራም ከፈትኩና የማላውቀውን ልጅ በሃይማኖቱ ሰደብኩት። ጾሜን ግን አልሻርኩም፤ በእኛ ሒሳብ።

ይሄ ሒሳብ ነው የሚያናድደኝ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ዓይንም፣ ጆሮም፣ አንደበትም ይጹም ተብለን ነው ያደግነው። እኛ ሆድን ብቻ ዘበኛ አቆምንበት፤ እሱንም በለውዝ ሻይና በጾም በርገር ሸነገልነው። (የቅበላ ሰሞን የሥጋ ቤቱን ሰልፍ ልተወው።) ክርስቶስ 40 ቀን ጾሞ ሲራብ ፈታኙ ድንጋዩን ዳቦ እንዲያደርግ ጠየቀው፤ እምቢ አለ። እኛ ፈታኝ ሳያስፈልገን ዳቦ ጋጋሪ ሆነናል።

«ከሥጋ መከልከሉም ቀላል አይደለም» ትሉኛላችሁ። እሺ፣ ስልካችሁን ክፈቱና የዚህን ሳምንት ኮሜንታችሁን አንብቡ።

በ2017 ዓ.ም. ጾሙ የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳንም በዚያው ሳምንት ተከተለ። ገራዶ ያለችው እናቴ በ9 ሰዓት እህል ትቀምሳለች፤ ቡና ግን አትቆላም። ሙስሊም ጎረቤቷ ጾመኛ ናት፣ «ሽታው እሷ ቤት ይገባል» ትላለች። መግሪብ ሲደርስ ጎረቤቷ ተምር ይዛ ትመጣለች፤ ያኔ ቡናው ይቆላል። ይህን እንድታደርግ የነገራት ሰባኪ የለም።

የሰደብኩት ልጅ ስሙ ከዚያች ጎረቤታችን ልጅ ስም ጋር አንድ ነው። ማታ እናቴ ደውላ «ጾሙ እንዴት ይዞሃል?» አለችኝ።

«ደህና ነው» አልኳት።