ቢሊዮን ዓመት

የጋምቢያው ፕሬዚዳንት የነበሩት ያህያ ጃሜ በፈረንጆቹ 2011 ለቢቢሲ፣ አላህ ካለ አንድ ቢሊዮን ዓመት እንደሚገዙ ተናገሩ። ትሕትናቸውን ልብ በሉልኝ፤ ሁለት ቢሊዮን አላሉም! የአገሩ ሰው ድምፅ የሚሰጠው ብይ በርሜል ውስጥ እየጣለ ነው። እኔ ንግግር ጸሐፊያቸው ብሆን ኖሮ እንዲህ እጽፍላቸው ነበር፦

«ውድ ሕዝቤ ሆይ! ሥልጣን ሸክም ነው። እናንተ እንዳትጎብጡ ብዬ ብቻዬን ተሸክሜዋለሁ። የቤተ መንግሥቱ ፍራሽ ይቆረቁረኛል፤ ለእናንተ ስል ግን እችለዋለሁ። ኤድስን በቅጠል እፈውሳለሁ ብያችኋለሁ (ይቺ እንኳ የራሳቸው ናት፤ በ2007 ብለዋታል)። ታዲያ ምርጫ ምን ያደርግላችኋል? ብይ እንደሆነ የልጅ ጨዋታ ነው።»

በ2016 ሕዝቡ ብዩን ጣለና ብይኑን ሰጠ። ሰውየው ሽንፈታቸውን በስልክ ተቀበሉ፤ በሳምንቱ ካዱ። የጎረቤት አገሮች ጦር ድንበር ሲሻገር ጊዜ፣ በጃንዋሪ 2017 ወደ ኢኳቶሪያል ጊኒ በረሩ። የቅንጦት መኪኖቻቸውም በጭነት አውሮፕላን ተከተሏቸው። ሸክም ይሏችኋል ይሄ ነው!