ፌስታሉ ተንሳፈፈ፣ ሃይላንዱስ?

ክረምት ሲገባ ቡኢ ላይ ጎርፉ ፌስታልና ሃይላንድ እየጠረገ ቁልቁል ይነዳል። አካባቢው የመቂ ወንዝ ተፋሰስ ነው፤ መቂ ደግሞ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከተመረመሩት የዝዋይ ዓሦች በ35 በመቶው ሆድ ውስጥ ፕላስቲክ አግኝቷል። በብዛት የታየውም እንደ አምባዛ ከታች ደለሉ ላይ በሚመገቡት ነው።

እኔን የሚያሳስበኝ ደለሉ ውስጥ ያለው እንዴት እንደሚቆጠር ነው። የተለመደው ዘዴ ቀላል ነው፦ የደረቀ ደለል በጣም ጨዋማ ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል፣ አሸዋው ይዘቅጣል፣ የተንሳፈፈው ተጣርቶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ጨው ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል። ግን የዚህ ውሃ አንድ ኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.2 ግራም ገደማ ነው የሚመዝነው። የፌስታሉ ፖሊኤቲሊን ከ1 ግራም በታች ስለሆነ ይወጣል። ሃይላንዱ የሚሠራበት ፔት ግን 1.38 ገደማ ነው፤ ከአሸዋው ጋር ይቀራል። ቤት ሞክሩት፤ ክዳኑ ይንሳፈፋል፣ ከጠርሙሱ የቆረጣችሁትን ቁራጭ ውሃ ውስጥ ስትነክሩት ይሰምጣል። ዚንክ ክሎራይድ የሟሟበት ውሃ እስከ 1.6 ስለሚደርስ ፔትንም ያነሳል፤ ውድና ጎጂ ኬሚካል መሆኑ ነው እንጂ።

በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አፀደቀ። ደግ አደረገ! ውጤቱን በጨው ብቻ ከለካነው ግን ፌስታሉ ሲቀንስ «ሐይቁ ጸዳ» የሚል ሪፖርት ይመጣል፣ ሃይላንዱ ከስር እየተከማቸ። ቢያንስ ከናሙናው የተወሰነው በከባዱ ፈሳሽ ይለይ ባይ ነኝ። ፈሳሹም እኮ ተጣርቶ መልሶ ይሠራል።