ማስተሩ አስተማሪ ነበር

ስለ ጂዩጂትሱ በተወራ ቁጥር ሁለት ነገር ሳይነሣ አይቀርም። አንደኛው፣ ደካማው ጉልበተኛውን የሚጥልበት ጥበብ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ ይህ ጥበብ ያለው ተራራ ላይ ከመነነ ሽማግሌ ዘንድ ነው፣ የሚገለጠውም ደጅ ለጠና፣ ውኃ ለቀዳና እንጨት ለፈለጠ ብቻ ነው ይላል። የቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን የሆንግ ኮንግ ፊልም ያየን ሁሉ ሳንጠይቅ ተቀብለነዋል። ባሌ ላይ ደግሞ ወሬው ማረፊያ አያጣም፤ ከጎባ ሽቅብ ወጥቶ የሳነቴን አምባና 4,377 ሜትር ላይ የተቀመጠውን ቱሉ ዲምቱን ያየ ሰው፣ አንድ ምስጢረኛ ሽማግሌ እዚያ ጉም ውስጥ ለማስቀመጥ አይቸገርም።

ሁለቱም አባባል ውድቅ ነው። ውድቅ የሚያደርገውም ጁዶን ከጂዩጂትሱ ያወጣው የጂጎሮ ካኖ ሕይወት ነው።

ካኖ የተወለደው በ1860 ነው (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አጭርና ቀጭን ስለነበር ተማሪ ቤት ጉልበተኞች ተጫውተውበታል። ጂዩጂትሱ ልማር ብሎ ሲነሣ ግን የሚያስተምረው አጣ። የሳሙራይ ዘመን አልፏል፣ ጃፓን ፊቷን ወደ ምዕራብ አዙራለች፣ አባቱም ያለፈበት ነገር ምን ያደርግልሃል ባይ ናቸው። ልጁ ታዲያ ምን አደረገ? ወጌሻ ፍለጋ ወጣ! ተማሪ የራቃቸው የጂዩጂትሱ ሊቃውንት እንጀራቸውን የሚበሉት የተሰበረ በመጠገን፣ ወለምታ በማሸት ነበርና። በ1877 ፉኩዳ ሃቺኖሱኬን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። የመጀመሪያው መምህሩ እንግዲህ የቶኪዮ ወጌሻ ነው እንጂ ባሕታዊ አይደለም።

የፉኩዳ አስተማማር የታወቀ ነው። ካኖ አንድ አጣጣል ዐይቶ እጄን የት ላድርግ፣ እግሬስ ብሎ ይጠይቃል። ፉኩዳ ና ይለውና ያነሣና ያፈርጠዋል። ደግሞ ይጠይቃል፣ ደግሞ ይፈርጣል። ደጋግመህ ስትወድቅ ይገባሃል ነው ነገሩ። ፊልም ያሳደገን ሰዎች ይህን የጥበበኛ ዝምታ እንለዋለን፤ የማስረዳት ችግር ነው ብንለው ይሻላል። ካኖ መልስ ባጣበት በራሱ ፈልጓል። የማይችለው አንድ ግዙፍ የትምህርት ጓደኛ ነበረው። እሱን ለመጣል ጸሎት አልያዘም፣ ዋሻም አልገባም። ቤተ መጻሕፍት ገባና የምዕራባውያንን ትግል አነበበ፤ ሰውን ትከሻ ላይ ተሸክሞ መጣልን ከዚያ አገኘና ተለማመደው፣ ጓደኛውንም ጣለው።

በ1882 ካኖ ቶኪዮ ውስጥ ኤይሾጂ በተባለ ቤተ መቅደስ 12 ምንጣፍ በተነጠፈበት ክፍል 9 ተማሪ ይዞ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤቱን ከፈተ። ከድሮዎቹ የጂዩጂትሱ ቤቶች የወረሳቸውን ስልቶች ለያቸው። ዐይን መውጋትና አጥንት መስበር ያለበትን ከነጻው ልምምድ አወጣ፤ የቀረውን ተማሪዎቹ በሙሉ ጉልበታቸው፣ እምቢ በሚል ሰው ላይ፣ በየቀኑ እንዲሞክሩት አደረገ። አደገኛው ስልት በወዳጅ ላይ ስለማይሞከር ሲነገር ብቻ ይኖራል፤ የቀለለው ስልት ግን ሺህ ጊዜ ተሞክሮ እጅ ውስጥ ይገባል። ብዙዎቹ የድሮ ቤቶች ይህን ተራ የሚመስል ነገር ለምን እንዳላዩት ይገርመኛል።

ወደ ደካማውና ጉልበተኛው ልመለስ። ካኖ በቁጥር ያስረዳበት ምሳሌ አለው። የተጋጣሚዬ ጉልበት 10፣ የእኔ 7 ነው እንበል። ሲገፋኝ ብገፋው እወድቃለሁ። ስሸሽለት ግን ሚዛኑ ይናጋና የቀረው ጉልበት 3 ይሆናል፤ ያን ጊዜ ለእኔ የ7ቱ ግማሽ ይበቃኛል። ብዙ ሰው እዚህ ድረስ ይጠቅስና ያቆማል። ካኖ ግን ይቀጥላል፦ ከኋላ ጥርቅም አድርጎ የያዘህን ሰው በመሸሽ አታመልጠውም፤ ጣቱን ፈልቅቀህ ታስለቅቀዋለህ እንጂ። ስለዚህ እሺ ማለት የጥበቡ አንድ ዘዴ ነው እንጂ ጥበቡ እሱ አይደለም። የካኖ መርሕ ያለህን ጉልበት በሚበጅበት ቦታ አውለው የሚል ነው። ጉልበት አያስፈልግም ያለበት ቦታ የለም።

የካኖ ተማሪ ሚትሱዮ ማዬዳ በ1914 ብራዚል ገባ፤ የግሬሲ ቤተሰብ ጂዩጂትሱ ከሱ የተቀዳ ነው። የቤተሰቡ ኤሊዮ ግሬሲ የደካማው ጥበብ ምልክት ተደርጎ ይወሳል። በ1951 ማራካኛ ስታዲየም ላይ ጃፓናዊው ማሳሂኮ ኪሙራ ሲገጥመው ግን ክንዱን ሰበረው። ኪሙራ ጥበቡንም ያውቃል፣ ይገዝፋልም። ልጁ ሮይስ ግሬሲስ በ1993 ዴንቨር ላይ በተደረገው የዩኤፍሲ ውድድር ግዙፎቹን አላሸነፈም ወይ? አሸንፏል፤ ግን አብዛኞቹ መሬት ላይ መታገልን ያልተማሩ ነበሩ። ያልተማረን ማሸነፍና ጉልበተኛን ማሸነፍ ለየቅል ናቸው።

ይህ ሁሉ ለባሌዎቹ ለሮቤና ለጎባ ምናቸው ነው? ጎረቤት አርሲን ተመልከቱ። በቆጂ ሯጮቹን ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ስታወጣ አየሩ ነው፣ ከፍታው ነው ተባለ። በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጎባም ከ2,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩም ያው የደጋ አየር ነው። ከፍታ ብቻውን ወርቅ የሚያመጣ ቢሆን ጎባ ከበቆጂ እኩል በቆመች ነበር። በቆጂ ያላት አሠልጣኙ ስንታየሁ እሸቱ ነው፤ የስፖርት መምህር የነበረ፣ ልጆችን ጧት ሜዳ ላይ የሚሰበስብ ሰው። ምግቡስ፣ ዘሩስ የሚሉኝ አሉ፤ እንኪያስ ምግቡና ዘሩ አርሲና ባሌ ድንበር ላይ ይለወጣሉ ማለት ነው?

ካኖም ጊዜውን ያሳለፈው ትግል ሲያሳይ ብቻ አይደለም። ከሃያ ዓመት በላይ የቶኪዮን ከፍተኛ የመምህራን ማሠልጠኛ መርቷል። በ1909 ከእስያ የመጀመሪያው የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባል ሆነ፤ በ1938 ከካይሮ ጉባኤ ሲመለስ መርከብ ላይ ሞተ። ሮቤም የመምህራን ኮሌጅ አላት። የባሌ ማስተር የሚወጣው ከዚያ ነው፤ ሳነቴ ላይ የሚጠብቀው ሰው ሲጠብቅ ይኖራል። ከኮሌጁ የወጣው መምህር ክፍል ጨርሶ ሲወጣ የሚገባበት አዳራሽ፣ አዳራሹ ውስጥም ጥቂት ፍራሽ ያስፈልገዋል። ካኖ በ12 ምንጣፍ ጀምሯል።