የቦንጋ በግ መዝገብ የማን ነው?

ቦንጋ ሲባል ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታየን ቡና ነው። ዛሬ ግን ስለ በግ ላውራ፤ እንዲያውም ስለ በጉ ሳይሆን ስለ በጉ መዝገብ።

በካፋ ዞን አዲዮ ወረዳ፣ ቦቃና ሹታ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ከቦንጋ ግብርና ምርምር ማዕከልና ኢካርዳ ከሚባለው ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋም ጋር ሆነው የበጋቸውን ዝርያ ሲያሻሽሉ ኖረዋል። ከውጭ የገባ ዘር የለበትም። ግልገል ሲወለድ የጆሮ ምልክት ተደርጎለት ይመዘናል። ከጡት ሲለይም፣ ስድስት ወር ሲሞላውም ይመዘናል። እናቱ የትኛዋ ናት? መንታ ነው? ሁሉም ይጻፋል። ማዕከሉ ቁጥሩን ያሰላል፤ የገበሬዎቹ ኮሚቴ ደግሞ ቁጥሩንም ቁመናውንም አይቶ አውራ በጉን ይመርጣል። የተመረጠው በየመንጋው ይዞራል፤ ከፍላጎታቸው የተረፈው ለሌላ አካባቢ ለዘር ይሸጣል።

እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው ጥናት መሠረት የቦንጋ በግ የስድስት ወር ክብደት በዘር ብልጫ ብቻ በየዓመቱ በአማካይ 0.21 ኪሎ ጨምሯል። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን መኖ ሲያልቅ የሚያልቅ ጭማሪ አይደለም፤ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ይደማመራል።

እንግዲህ ገዢው የሚገዛው ምንድን ነው? ሁለት ደልደል ያሉ አውራ በጎች ጎን ለጎን ቢቆሙ የትኛው የተሻለ ዘር እንደሚያወርስ በዓይን አይለይም። ለዘር የሚፈልግ ሰው ተጨማሪ ብር የሚከፍለው ለመዝገቡ ነው። መዝገብ የሌለው በግ በኪሎ የሚሸጥ ሥጋ ነው።

የምርምር ውጤት ወደ ሸቀጥ ሲቀየር ማን እንደሚጠቀም ለማየት ከበግ እጅግ የራቀ ምሳሌ ላምጣ፦ የኮምፒውተር ሀርድ ዲስክ። እ.ኤ.አ. በ1988 ፈረንሳዊው አልበርት ፌርና በጀርመኑ የዩሊኽ ምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው ፒተር ግሩንበርግ አንድን ነገር ለየብቻቸው አገኙ። እጅግ በጣም ቀጫጭን የብረት ንጣፎች ሲደራረቡ፣ ትንሽ የማግኔት ኃይል የኤሌክትሪክ ፍሰታቸውን በብዙ ይለውጠዋል። የአይቢኤም ተመራማሪዎች ይህን በርካሽና በብዛት የሚመረትበትን መንገድ ለማግኘት ዓመታት ፈጀባቸው፤ በ1997 የዲስክ ማንበቢያ አድርገው ለገበያ አቀረቡት። ከዚያ በኋላ የዲስኮች የመያዝ አቅም ተተኮሰ። ትልቁን ሽያጭ ያገኘው ኩባንያው ነው፤ ዩሊኽ ግን ግኝቱን ቀድሞ በፓተንት አስመዝግቦ ስለነበር የፈቃድ ክፍያ አገኘ። በ2007 የተሸለሙት ኖቤል ክብር ነው፤ ማዕከሉን የጠቀመው ግን ቀድሞ የተሞላው ወረቀት ነው።

የእኛ ወረቀት አያያዝ ይታወቃል። የጤፍን ጉዳይ የማያስታውስ የለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተፈረመ፣ ኩባንያው በአውሮፓ ፓተንት ያዘ፣ በ2009 ከሰረ። ፓተንቱን የሆላንድ ፍርድ ቤት በ2018 ውድቅ እስኪያደርገው ድረስ አገሪቱ ያገኘችው ጥቅም እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

አሁን ሕግ አለ የሚል ይኖራል። አዋጅ ቁጥር 482/1998 የጄኔቲክ ሀብትን ይጠብቃል፤ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የግል ዳታን። ሁለተኛው የገበሬውን ስምና ስልክ እንጂ የበጉን ኪሎ አይመለከትም። የክብደት መዝገብ ደግሞ እንደ ብረት ንጣፉ በፓተንት አይያዝም። ስለዚህ የሚቀረው ውል ነው።

መዝገቡ ክፍት ይሁን፣ ሳይንስ በመጋራት ነው የሚያድገው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ለጥናት ይሁን፣ እስማማለሁ። በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ የዘር በግ የምስክር ወረቀት፣ የሚሸጥ አፕሊኬሽን ወይም የአባለዘር ንግድ ሲጀመር ግን ለ15 ዓመታት ግልገል ይዘው ሚዛን ላይ ያስቀመጡት ሰዎች ድርሻ ሊኖራቸው ይገባል።

አንገብጋቢው ግን ደመወዝ ነው። መዝጋቢዎቹ የሚከፈላቸው ባብዛኛው ከፕሮጀክትና ከምርምር በጀት ነው፤ ፕሮጀክት ደግሞ ያልቃል። መመዘኑ ለአንድ ዓመት ቢቋረጥ የዚያ ዓመት ግልገሎች ተመልሰው አይወለዱም። ከእያንዳንዱ የዘር በግ ዋጋ ላይ ጥቂት ተቀንሶ ለመዝጋቢው ደመወዝ ቢውል ሥራው ለጋሽ አይጠብቅም።

የመዝገቡ ሙሉ ቅጂም በማህበራቱ እጅ ቦንጋ ላይ ይቀመጥ። ለዚህ ዳታ ሴንተር አያስፈልግም፤ የሺዎች በጎች ክብደት አንድ ፍላሽ አይሞላም። ማዕከሉና ማህበራቱ ከሚቀጥለው የአውራ በግ ሽያጭ በፊት ተቀምጠው አንድ ገጽ ውል ቢፈራረሙ ለመጀመሪያው ይበቃል።