ስለ ልጆች ስም፤ ሃጫሉ

በዚህ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት አያያዝ ብዙ ይጻፋል፤ ስለ ስም አወጣጥ ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። ዛሬ አንድ ስም ብቻ መርጠን አመጣጡን ልንመለከት አስበናል፤ ይኸውም ሃጫሉ የሚባለው የወንድ ልጅ ስም ነው። ስሙ የኦሮሞ ቋንቋ ስም ሲሆን፥ እንደ ቶላና እንደ ገመቹ በየደጁ የሚጠራ አይደለም። ከሃያ ዓመት በፊት ይህ ስም የተጻፈበት ማመልከቻ በአዲስ አበባ ለአንድ ጽሕፈት ቤት ቢቀርብ ጸሓፊው «እስቲ ደግመህ ንገረኝ» ሳይል ባልቀረም ነበር። ዛሬ ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ ስሙን ያውቀዋል፤ ትርጓሜውን ጠይቀው የተረዱት ግን ብዙ አይመስሉንም።

ትርጓሜው እንዲህ ነው። በኦሮምኛ «ጫሉ» ማለት መብለጥ፥ መላቅ ነው። ከፊቱ የገባው «ሃ» ደግሞ ምኞትንና ምርቃትን የሚያመለክት ቃል ነው፤ «ሃ ጂራቱ» ሲሉ «ይኑር» ማለታቸው ነው። እንግዲህ ሃጫሉ ማለት «ይብለጥ» ወይም «ይላቅ» ይሆናል። ይህ ስም የሆነውን ነገር የሚያወራ ሳይሆን ገና ያልሆነውን የሚለምን ነው፤ እናት ልጅዋን ከደጅ በጠራች ቁጥር ሳታስበው ትመርቀዋለች።

እንዲህ ያለው የስም አወጣጥ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1270 ዓመት የነገሠው የይኩኖ አምላክ ስም በግእዝ «አምላክ ይሁንለት» የሚል ምኞት ነው። ይትባረክ የሚለውም «ይባረክ» ማለት ነው። በአማርኛም ይርጋና ይርዳው የሚባሉት ስሞች ከዚሁ ወገን ናቸው። ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ብንመለስ ደግሞ ዮሴፍ የሚለውን እናገኛለን፤ ራሔል ብዙ ዘመን መካን ሆና ኖራ ልጅ ባገኘች ጊዜ እግዚአብሔር ሌላ ልጅ እንዲጨምርላት ስለ ተመኘች በዕብራይስጥ «ይጨምር» ብላ ሰየመችው። ዮሴፍ የሚለው ስም ዛሬ በዓለም ሁሉ ሲጠራ ልመና መሆኑን የሚያስታውስ የለም። የአምቦው ሃጫሉና የያዕቆብ ልጅ ዮሴፍ በቋንቋ ሳይዛመዱ በአነጋገር ግን ወንድማማች ናቸው።

ከአማርኛ ስሞች በትርጓሜ ለሃጫሉ የሚቀርቡት ይበልጣልና ይልቃል ናቸው። ነገር ግን ልዩነት አላቸው። እነዚህ ነገሩ የተቆረጠ ያህል አድርገው ይናገራሉ፤ ሃጫሉ ግን ይለምናል። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብንባል እኛ የሚለምነውን እንመርጣለን። ይበልጣል የተባለ ልጅ ሳይበልጥ ቢቀር ጎረቤት ይሥቅበታል፤ ይብለጥ ለተባለው ግን እስከ ሽምግልናው ድረስ ጊዜ አለው።

ይብለጥ ከተባለስ ዘንድ ከማን ይብለጥ? ስሙ አይናገርም። መልሱ የሚሰማው የአባት ስም ሲከተለው ነው። በአገራችን የአባት ስም የልጁን ስም ተከትሎ ስለሚጠራ፥ ብልኅ አባት ሁለቱ ስሞች ተያይዘው አንድ ነገር እንዲናገሩ አድርጎ ያወጣል፤ ይህ በአማርኛም በኦሮምኛም ያለ ጨዋታ ነው። ሃጫሉ እገሌ ሲባል እንግዲህ ልጁ ከእገሌ ይብለጥ የሚል ይመስላል፤ አባትም በገዛ አፉ «ከእኔ ይብለጥ» ብሎ መረቀ ማለት ነው። በየሸንጎው ከባልንጀራው መበለጥን እንደ ሞት የሚፈራ ሰው እንኳ በልጁ ለመበለጥ ደስ ይለዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለእያንዳንዱ ሰው የቤተ ሰብ ስም እንዲኖረው አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ሕዝቡ በልማዱ ጸንቶ ልጅን በአባቱ፥ አባትንም በአያቱ እየጠራ ይኖራል። ልማዱ ባይጸና ኖሮ ይህ ሁሉ የስም ጨዋታ በጠፋ ነበር።

ከዚሁ ከጫሉ ሥር የወጡት ሌሎች ስሞች ብዙ የተለመዱ ናቸው፤ ጫላ ለወንድ፥ ጫልቱ ለሴት ይሰጣሉ፤ ሁለቱም መብለጥን ይናገራሉ። ቶላ ማለት መልካም፥ ገመቹ ማለት ደስታ ነው። ዋቅጅራ «እግዚአብሔር አለ» ማለት ነው። ፈይሳ ማለት ደግሞ የሚያድን፥ የሚፈውስ ሲሆን፥ የዚሁ የምዕራብ ሸዋ የጀልዱ ልጅ ፈይሳ ሌሊሳ በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ኦሊምፒክ በማራቶን ሁለተኛ በወጣ ጊዜ ስሙን ዓለም ሁሉ ሰምቶታል።

ሃጫሉ የሚለውን ስም ያስታወቀው ግን አንድ የአምቦ ልጅ ነው። ዘፋኙ ሃጫሉ ሁንዴሳ በአውሮጳ አቆጣጠር በ1986 ዓመት በአምቦ ተወለደ። የአባቱ ስም ሁንዴሳ ሥር ወይም መሠረት ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን መሥራች ማለት ነው፤ ከመሠረቱ በላይ ከፍ ይበል እንደ ማለት የልጁ ስም ይገጥምለታል። ገና 17 ዓመት ሲሆነው ታስሮ በአምቦ ወህኒ ቤት 5 ዓመት ያህል ተቀመጠ፤ በእስር ቤት የደረሳቸውን ዘፈኖች ከተፈታ በኋላ በአውሮጳ አቆጣጠር በ2009 «ሰኚ ሞቲ» በሚል ርእስ በአልበም አወጣ፤ ትርጓሜው የንጉሥ ዘር ማለት ነው። በ2015 ያወጣው «ማላን ጂራ» የሚለው ዘፈኑ ከሁሉ ይልቅ ስሙን አስጠራው። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ሌሊት በአዲስ አበባ በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ ሰኔ 25 ቀን በተወለደባት በአምቦ ተቀበረ። በሞቱ ምክንያት በተነሣው ሁከት ከመቶ የሚበልጥ ሰው ስለ አለቀ፥ ያ ወር ለብዙ ቤት የሐዘን ወር ሆነ። ሦስተኛው አልበሙ «ማል መሊሳ» የወጣው ከሞተ በኋላ ነው።

አንድ ስም የሚበዛው በትርጓሜው ማማር ብቻ አይደለም፤ በተሸከመውም ሰው ነው። ቋረኛው ካሣ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ተብሎ ሲነግሥ፥ በፍካሬ ኢየሱስ ይነሣል የተባለውን ንጉሥ ስም መያዙ ነበር፤ ዛሬ ቴዎድሮስ በየትምህርት ቤቱ መዝገብ የሚገኝ ስም ነው። የሃጫሉም ስም በየቤቱ መነሣት የዠመረው በዘፈኑና በሞቱ ነው። ከዚህ የተነሣ አንዳንድ ወላጆች ስሙ ቢያምራቸውም ይፈራሉ፤ ልጃችን ገና በሕፃንነቱ የሌላ ሰው ሐዘንና ክርክር ተሸክሞ ይዞር ይሆን ይላሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ ነው አንልም፤ ስም ሰሚ አለውና። ነገር ግን ስሙ ከዘፋኙ አስቀድሞ የነበረ ምርቃት ነው፤ ለእርሱም ያወጡለት ወላጆቹ ማንም ሳያውቀው «ይብለጥ» ብለው ነው። ልጃቸውን እንዲህ ለመመረቅ የሚወዱ ሰዎች ስሙን ከሐዘኑ ቀን ይልቅ ከቃሉ ቢጀምሩት መልካም ይመስለናል።

በዚያ አገር አንድ ልጅ ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል። ጥንታዊው ሥርዓት አመቺሳ ይባላል፤ ማሳቀፍ ማለት ነው፤ እናት ልጅዋን ወደ ቃሉ ወስዳ ታስቅፈዋለች፥ እርሱም መርቆ ስም ያወጣለታል። ክርስቲያን የሆነው ቤተ ሰብ ደግሞ ወንዱን በ40 ቀን፥ ሴቲቱን በ80 ቀን ያስጠምቃል፤ ካህኑም የክርስትና ስም ይሰጣል። ሁለቱ ስሞች በአንድ ሰው ላይ ተስማምተው ይኖራሉ። በጨቦ አገር የተወለዱት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የራሳቸው ስም የግእዝ፥ የአባታቸው ስም ዲነግዴ ነበር፤ በፈረስ ስማቸው ደግሞ አባ መላ ይባሉ ነበር። በአምቦ አጠገብ በቦዳ በ1928 ዓ.ም. የተወለደው ባለቅኔ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በራሱ ስም አማርኛን፥ በአባቱ ስም ግእዝን ይዞ ወደ አያቶቹ ሲወጣ ቀዌሳ የሚለው የኦሮሞ ስም ይገኛል። ሦስት ቋንቋ በአንድ ሰው ስም ውስጥ እንዲህ ተራ በተራ ሲቀመጥ ማየት ደስ ያሰኛል።

ሁሉ ጊዜ ግን እንዲህ በፈቃድ አልሆነም። በቀድሞው ዘመን ብዙ የኦሮሞ ልጆች ትምህርት ቤት በገቡ ጊዜ ስማቸው ለአፍ አይመችም እየተባለ በአማርኛ ስም ተለውጦባቸዋል፤ አንዳንዱም በቤቱ በአንድ ስም፥ በመዝገብ በሌላ ስም ሲጠራ አርጅቷል። ከተሞቹም ከዚህ አልዳኑም። አምቦ ሀገረ ሕይወት፥ አዳማ ናዝሬት፥ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት፥ ወሊሶ ግዮን ተብለው ነበር። ሀገረ ሕይወት ያማረ ስም መሆኑን አንክድም፤ ፍል ውሃዋንና የሚጠጣውን ውሃዋን ለሚያውቅ ሰው ይስማማታል። ነገር ግን በግብር ቤት ሆነ በሆቴል «አንድ አምቦ ውሃ» እንጂ «አንድ ሀገረ ሕይወት» ብሎ ያዘዘ ሰው ሰምተን አናውቅም። ዛሬ ከተማይቱ አምቦ ትባላለች።

አሁን ወደ ጸሓፊዎቹ እንመለስ። በአገራችን የልደት ምዝገባ በሕግ የተወሰነው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ሥራው በአገሩ ሁሉ የተዠመረው በ2008 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ነው፤ ልጅ በተወለደ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። በዚያ ቀን የተጻፈ ስም እስከ ሽምግልና ይከተላል። በሃጫሉ ስም ላይ የሚደርሰው ስሕተት ከሁሉ የሚበዛው በጫ ላይ ነው። ጫ ተትቶ ቻ ቢጻፍ መብለጥ የሚለው ጠፍቶ በአማርኛ ጆሮ «ቻሉ» የሚል ሌላ ነገር ይሆናል፤ የልጁ ምርቃት በአንድ ፊደል ተሰረዘ ማለት ነው። የመጀመሪያውን ፊደል አንዱ ሀ፥ አንዱ ሃ፥ ሌላው ሐ እያለ ይጽፈዋል፤ ድምፁ አንድ ስለ ሆነ ትርጓሜውን አያጠፋም፤ ነገር ግን በልደት ምስክር ወረቀቱ በሃ፥ በትምህርት ቤት በሐ የተጻፈ ልጅ ለፈተና ወይም ለፓስፖርት ሲቀርብ አንድ ሰው መሆኑን ለማስረዳት ደጅ ይጠናል። እኛ ረጅም ድምፅ ስለሆነ ሃ የሚለውን መርጠናል።

ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ በቁቤ ማለት በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፥ የአምቦ ልጅ ስሙን በትምህርት ቤቱ በቁቤ፥ በሌላው ጽሕፈት ቤት በግእዝ ፊደል ይጽፋል። በቁቤ ረጅሙ ድምፅ ሁለት ጊዜ ስለሚጻፍ የስሙ አነባበብ ይታወቃል፤ በግእዝ ፊደል ግን ርዝመቱ አይታይም። ስለዚህ ከመዝገቡ ፊት የተቀመጠ ጸሓፊ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት እናቲቱ ስሙን እንድትጠራው ቢጠይቃት፥ ጽፎም ቢያነብላት፥ ከሁለት ደቂቃ የሚበልጥ ጊዜ አይፈጅበትም።