«እግርሽ ከረገጠ እዛው ቅሪ»

ይድረስ ለምክር አምድ፦ የ3ኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በኢራስመስ ፕላስ የልውውጥ ፕሮግራም ለአንድ ሴሚስተር ጀርመን ልሄድ ነው። አጎቴ «እግርሽ ከረገጠ እዛው ቅሪ» ይለኛል። እናቴ ደግሞ «ልጄ ልትቀርብኝ ነው» እያለች ታለቅሳለች። ግራ ገብቶኛል፤ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ውድ እህታችን፦ አጎትሽ ክፉ አልተመኘልሽም፤ ስሌቱ ግን አያዋጣም። የልውውጥ ተማሪ ዲግሪዋን የምታገኘው ከላካት ዩኒቨርሲቲ ነው። ከቀረሽ የአንድ ሴሚስተር ውጤት ይዘሽ ያለ ዲግሪ መቅረትሽ ነው። የመኖሪያ ፈቃድሽም የተሰጠሽ ለትምህርቱ ነውና ጊዜው ሲያልቅ መደበቅ ይመጣል። የ3 ዓመት ልፋትሽን ውሃ በላው ማለት አይደል?

ይልቅ አሁኑኑ የትምህርት ስምምነት ሰነዱን ያዢ። አንቺ፣ የሚልክሽና የሚቀበልሽ ዩኒቨርሲቲ ሦስታችሁም ትፈርሙበታላችሁ። ያለሱ እዚያ የወሰድሽው ኮርስ ስትመለሺ ላይያዝልሽ ይችላል። የአንድ ሴሚስተር ሙሉ ትምህርት በአውሮፓ አቆጣጠር 30 ክሬዲት መሆኑንም አትርሺ።

አውሮፓ ከጣመሽ ተመርቀሽ ለማስተርስ ተወዳደሪ። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኢራስመስ ሙንዱስ ላሸነፉ ተማሪዎች የትምህርቱንም የኑሮውንም ወጪ ይሸፍናል። ይህን ለአጎትሽ ንገሪው። ለእናትሽ ግን የመመለሻ ቲኬትሽን አሳያት፤ እንባዋን የሚያብሰው እሱ ነው።